የደረጃ መዝሙር

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ውስጥ ስናነብ ዘለን የምናልፋት አንዲት ቁጥር አለች፤ ቁጥር 13። ከእርሷ በፊት ያለውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጳውሎስ በጢሮአዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር፣ በመስኮት ላይ የተቀመጠው ወጣቱ አውጤኪስ እንቅልፍ አሸንፎት ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። (የወጣቶች አገልግሎት መሪዎች ይህን ታሪክ አጥብቀው ይወዱታል፤ በስብከት መካከል ለሚያንቀላፋ ሁሉ ጥሩ ማስፈራሪያ ነው።) ልጁ ሕያው ሆኖ ተነሣ፣ እንጀራ ተቆረሰ፣ ጳውሎስም እስኪነጋ ድረስ ሲናገር ቆየ። ከዚያ ቁጥር 13 ትመጣለች። ጓደኞቹ በመርከብ ተሳፍረው ሲሄዱ እርሱ ግን እስከ አሶን ድረስ በእግሩ ሊሄድ ወሰነ።

መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ መሐል ተነሥቶ ዱከም ለመድረስ ጥቂት የሚቀረው ርቀት ማለት ነው። ሰውየው ሌሊቱን አልተኛም። በዚያ ላይ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 11 የቆጠረው መከራ አብዛኛው በዚያን ጊዜ አልፎበታል፦ አምስት ጊዜ አርባ ሲጎድል አንድ ተገርፏል፣ ሦስት ጊዜ በበትር ተመትቷል፣ አንድ ጊዜ በድንጋይ ተወግሯል፣ ሦስት ጊዜ መርከቡ ተሰብሯል። ግርፋቱን ብቻ ብትደምሩት 195 ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመ ጀርባ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ከሰበከ በኋላ፣ መርከብ ቆሞለት እያለ፣ በእግሬ እሄዳለሁ አለ። ሉቃስ ለምን እንደ ሆነ አይነግረንም። እኔ የሚመስለኝ ብቻውን ሆኖ ሊጸልይ ፈልጎ ነው፤ ወደ ኢየሩሳሌም እየሄደ ነበርና ከፊቱ እስራት እንደሚጠብቀው ያውቃል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ያንን ውሳኔ ሊወስን የሚችለው እግሩ የሚታዘዝለት ሰው ብቻ ነው።

ስለ ጳውሎስ መልእክቶች ብዙ ሰምተናል። ስለ ጳውሎስ እግሮች ግን ስብከት ሰምቼ አላውቅም።

ይህ የሆነበት አንዱ ምክንያት ቋንቋችን ይመስለኛል። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን “ሥጋ” በሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራል። በገላትያ ምዕራፍ 5 ስለ ሥጋ ሥራ ሲናገር በእግዚአብሔር ላይ ያመፀውን የሰውን ዝንባሌ ማለቱ ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ግን ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ እንደ ሆነ ሲናገር ይህንኑ እጅና እግር፣ ወገብና ሳንባ ያለውን አካላችንን ማለቱ ነው። በግሪኩ ቃሎቹ የተለያዩ ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ተደባልቀው፣ “ሥጋ” በተባለ ቁጥር ጠላት የተጠራ ይመስለናል። ከዚህ የተነሣ አካሉን የሚንከባከብ ወጣት መንፈሳዊ እንዳልሆነ፣ ሰውነቱን የጣለ ደግሞ ጸሎተኛ እንደ ሆነ አድርገን የምናይበት ጊዜ አለ።

“ጳውሎስ ራሱ ለጢሞቴዎስ ሰውነትን ማለማመድ ለጥቂት ነው የሚጠቅመው ብሎ የለም ወይ?” የሚለኝ አይጠፋም። ብሏል። እግዚአብሔርን መምሰል ለሁሉ ይጠቅማል፣ ያኛው ለጥቂት። እኔም ቅደም ተከተሉን አልገለብጥም። ነገር ግን ጥቂት ማለት ምንም ማለት አይደለም። በተለይ ያች ጥቂት የምታስፈልግበት ቀን ሲመጣ።

ያ ቀን በእኛ ቤት የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው። እናቴን ስትሮክ መታት። ንግግሯ ተረፈ፤ ግራ እጇና ግራ እግሯ ግን አልታዘዝ አሏት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ደረጃው 64 ነው። ወንድሜ የሚሠራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ በቤት ውስጥ ያለነው እኔና እርሷ ብቻ ነን። ያን ጊዜ እኔ 48 ኪሎ ነበርኩ፣ እናቴ 65።

አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያስታመማችሁ ይህን ታውቃላችሁ። ታማሚው ራሱን ማገላበጥ ካልቻለ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መቀየር አለበት፤ አለዚያ ሰውነቱ በተኛበት በኩል ይቆስላል፣ ያ ቁስል ደግሞ ከበሽታው በላይ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት፣ ሌሊት 6፣ 8፣ 10 ሰዓት እነሣለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ለፊዚዮቴራፒ መውረድ አለባት። በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ በነጠላ ከወንበሩ ጋር አስረን፣ አንድ ሰው ከላይ አንድ ሰው ከታች ይዘን እናወርዳታለን።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤታችን ቅዱሳን ሞሉበት። ተጸለየ፣ ተዘመረ፣ ዘይት ተቀባች። አንድ ወንድም በሦስት ወር ውስጥ በዚህ ደረጃ ሮጣ ትወርዳለች ብሎ ተናገረ፤ ሁላችንም አሜን አልን። ሦስት ወሩ አለፈ። ስድስት ወርም ሆነ። አልሮጠችም። ጎብኚውም እየቀነሰ ሄደ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው፤ ሰው ሁሉ የራሱ ሸክም አለው። እግዚአብሔር እንደሚፈውስም ዛሬም አምናለሁ፣ ዛሬም እለምነዋለሁ። ነገር ግን ወዳጆቼ፣ በጉባኤዎቻችን ሰው ከአልጋው እንዲነሣ መጸለይን በደንብ ተምረናል። እስኪነሣ ድረስ ማን እንደሚያገላብጠው ግን እምብዛም አንነጋገርም። ማገላበጥ ደግሞ የክንድና የወገብ ሥራ ነው። 65 ኪሎን ፍቅር ብቻውን አያነሣውም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ይህን ስላወቀች ከእናቴ በፊት እኔን ማሠልጠን ጀመረች። ከወገብሽ አትጎንበሺ፣ ከጉልበትሽ እጠፊ። ሸክሙን ወደ ደረትሽ አስጠጊ። ይዘሽ አትጠምዘዢ፣ እግርሽን አዙሪ። ከዚያም “አንቺ ካልጠነከርሽ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ታማሚ ነው የሚኖረን” አለችኝ። ጂም የምከፍልበት ገንዘብ አልነበረኝም። የነበረኝ ደረጃና ጀሪካን ነው።

በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ጉልበት ስለሌለው አራተኛ ፎቅ አይደርስም፣ ከታች ቀድቶ መሸከም ግድ ነው። በመጀመሪያ ባለ 10 ሊትሯን በሁለት ዕረፍት አወጣሁ። ከሳምንታት በኋላ ያለ ዕረፍት። ከዚያ ባለ 20 ሊትሩን፣ ያው 20 ኪሎ ማለት ነው፣ እንደገና በየፎቁ እያረፍኩ። ሰውነት የሚጠነክረው እንዲህ ነው፦ ከለመደው ትንሽ በለጥ ያለ ጭነው፣ ከዚያ አሳርፈው፣ አብላው፤ ያን ጊዜ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል። በአንድ ቀን ሁሉን ብትጭኑበት ይሰበራል። ምንም ካልጫናችሁበት ደግሞ ያለውንም ይጥላል። እግሩ ለወራት በጀሶ ታስሮ የተፈታ ሰው አይታችሁ ከሆነ ምን ማለቴ እንደ ሆነ ይገባችኋል።

ከመዝሙር 120 እስከ 134 ያሉት 15 መዝሙሮች (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱሳችን ቁጥሩ በአንድ ዝቅ ይላል) በአናታቸው ላይ “የመዓርግ መዝሙር” የሚል አላቸው። ልጅ ሆኜ ሹመት ላላቸው ሰዎች የተጻፉ ይመስለኝ ነበር። መዓርግ በግዕዝ ግን መውጫ፣ ደረጃ ማለት ነው፤ ዐረገ ከሚለው ነው የመጣው። ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ ሰዎች በመንገድ ላይ ይዘምሯቸው እንደ ነበር ይነገራል፤ በቆየ የአይሁድ ወግ ደግሞ በቤተ መቅደሱ ከነበሩት 15 ደረጃዎች ጋር ይያያዛሉ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ጀሪካን ይዤ ስወጣ አንድ አንዱን በቃሌ መያዝ ጀመርኩ። አጫጭር ስለሆኑ ለ64 ደረጃ ልክ ናቸው። ትንፋሽ ሲያጥር ቃሉ ይቆራረጣል፣ ግን ይገባል። እንዲያውም ተቀምጬ ካነበብኳቸው ይልቅ በደረጃው የያዝኳቸው ናቸው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሳልፈልጋቸው የሚመጡልኝ። ዓይኔ ሳይገለጥ፣ እጄ የእናቴን ትከሻ ሲፈልግ፣ መዝሙር 121 ቀድሞኝ ነቅቶ አገኘዋለሁ።

እዚህ ላይ እምነትና ጉልበት አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። የሚሠሩበት መንገድ ግን ይመሳሰላል። ሁለቱም መከራው ከመጣ በኋላ በችኮላ የሚገዙ አይደሉም። ቆሮንቶስ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ የስፖርት ውድድር ይደረግ ነበር። ጳውሎስ በዚያች ከተማ ድንኳን እየሰፋ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጧል፤ የሚሮጡትንና በቡጢ የሚጋጠሙትን ሰዎች ወሬ አለመስማት አይችልም። በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ ከቅጠል ለተሠራ አክሊል ሲሉ በሁሉ ራሳቸውን እንደሚገዙ ከተናገረ በኋላ፣ ስለ ራሱ ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ከቡጢ ሜዳ የመጣ ነው፤ ከዓይን በታች መምታት ማለት ነው። የእኛ ተርጓሚዎች “መጎሰም” የሚለውን መረጡ። ነጋሪት ነው የሚጎሰመው። ምርጫቸውን እወደዋለሁ፤ ነጋሪት የሚጎስም ሰው ነጋሪቱን ጠልቶት አይደለም፣ ድምፅ እንዲያወጣለት ነው።

ስለዚህ ጉልበት ስል የወንዶች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው በሽሮ ሜዳ በኩል የሚወርዱትን እናቶች አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያን ሸክም ከመካከላችን ስንቱ ጎልማሳ ነው 100 ሜትር የሚያስኬደው? በመስታወት ፊት ክንዳቸውን የሚለኩትንም ወንድሞቼን አልነቅፍም። ቅዳሜ ቅዳሜ የእናቴን ወንበር ከታች በኩል የሚይዝልኝ ከእነርሱ አንዱ ነው፤ የኳየራችን ልጅ፣ በጂም ምክንያት ብዙ የተቀለደበት። ከታች የሚይዘው ነው ክብደቱ የሚያርፍበት። አራት ዓመት ሙሉ የቀረባቸው ቅዳሜዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። “ይሄ ደረት ለምን እንደ ተሠራ አሁን ገባኝ” ይላል እየሳቀ።

ወደ ኋላ ሄዳችሁ የራሳችንን አባቶች ተመልከቱ። በ1929 ዓ.ም የኢጣሊያ ወረራ ሚስዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ ሚስዮናውያኑ ተመልሰው ሲመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው አገኟቸው። በመካከል የነበረው ምንድን ነው? እስራት፣ ግርፋት፣ የፈረሱ የጸሎት ቤቶች። እንደ ዋንዳሮ ያሉት መሪዎች ታስረው ተገርፈዋል። ከዚያም በኋላ የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ከዚያም ወዲያ ሄዱ። “ሄዱ” የምትለዋን ቃል ቀስ ብላችሁ አንብቧት። አውቶቡስ አልነበረም። ሚስት ከባሏ ጋር፣ ልጅ ታዝሎ፣ ስንቅ ተይዞ፣ ቆላ ተወርዶ ደጋ ተወጥቶ፣ በወባ አገር ታድሮ ነው። እምነታቸውን እናደንቃለን፣ ልክ ነው። ግን እነዚያ ሰዎች ገበሬዎች ነበሩ፤ ከመጠራታቸው በፊት እግራቸውና ትከሻቸው በእርሻ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። እኛ ዘንድ ያ ዝግጅት በራሱ አይመጣም። ቀኑን በወንበርና በስልክ ላይ የሚያሳልፍ ትውልድ ሸክም ማንሳትን አስቦበት መለማመድ አለበት።

አሁን ግን ከባዱን ነገር ልናገር፤ ይህን ካልነገርኳችሁ ያልኩት ሁሉ ግማሽ ነው። ሰውነት ይሰበራል። ምንም ያህል ብታጠነክሩት።

በደርግ ዘመን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር እንዲወጡ ቢለመኑም መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ታሰሩ። ክፉኛ ተሠቃዩ፣ ተገረፉ፣ አሥር ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። ባላቸው የት እንደ ተቀበሩ እንኳ ለዓመታት አልታወቀም። ከእስር ሲወጡ እምነታቸው ከእርሳቸው ጋር ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም እስኪያርፉ ድረስም አልተለያቸውም። ይህ የጡንቻ ሥራ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ግርፋት የተዘጋጀ ሰውነት የለም። እዚያ ላይ ሰውን የሚይዘው ሌላ ነው፤ ጳውሎስም የእግዚአብሔር ኃይል በድካም እንደሚፈጸም ሲጽፍ ስለዚያ ይመስለኛል የጻፈው።

እናቴን ሳያት ይህን አስባለሁ። በእኔ መለኪያ ደካማዋ እርሷ ናት። ነገር ግን የታጠፉ የግራ እጇን ጣቶች በቀኝ እጇ አንድ በአንድ እየዘረጋች ጠዋት 20 ጊዜ፣ ማታ 20 ጊዜ ትለማመዳለች፤ አራት ዓመት፣ ያመማት ቀንም ሳይቀር። ለእያንዳንዷ ጣት አንድ አንድ ሰው መድባለች። አውራ ጣቷ ወንድሜ ነው። ጠቋሚዋ የኳየሩ ልጅ። ትንሿ ጣት፣ በጣም የምታስቸግራት፣ ያ በሦስት ወር ትሮጣለች ያለው ወንድም ነው። “ብዙ ጸሎት የሚያስፈልገው እሱ ነው” ትለኛለች። በእልህ ነው ወይስ በፍቅር ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋት። “መጀመሪያ በእልህ ነበር” አለች።

ከየት እንጀምር ብትሉኝ፣ ከትንሽ። ታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱና ቀሪውን በእግራችሁ ሂዱ፤ እስክትደርሱ ለአንድ ሰው ብቻ ጸልዩ። ጎረቤታችሁ ያለች አሮጊት ጀሪካኗን ይዛ ስትወጣ ካያችኋት ተቀበሏት፤ ጥሩ ስፖርት ነው፣ ክፍያም የለውም። አንድ መዝሙር ያዙ፣ ሰባት አይደለም። ጾምም የዚሁ ልምምድ ወገን ነው፤ ሆድ ሲጠራ ወዲያው አለመታዘዝን ያስተምራል። ጨጓራ ወይም ስኳር ያለባችሁ ግን ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

ተኙም። ይህን የምለው አዳር ጸሎት የሚወድድ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆኜ ነው። ኤልያስ በአክዓብ ሠረገላ ፊት እስከ ኢይዝራኤል የሮጠ ሰው ነበር፤ ኤልዛቤል ስትዝትበት ግን ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን ለመነና ተኛ። እግዚአብሔር ስብከት አልላከለትም። መልአክ ልኮ ቀሰቀሰው፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ አሁንም አላቻኮለውም፤ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። በዚያ ምግብ ኃይል ነው አርባ ቀን የሄደው። ከመካከላችሁ ሁሉ ነገር የጨለመበት፣ መጸለይ ያቃተው ካለ፣ እምነቴ ሞተ ከማለቱ በፊት ስንት ሌሊት እንዳልተኛና መቼ ጥሩ ምግብ እንደ በላ ራሱን ይጠይቅ። የሚታመነው ሰውም ፈልጎ ይንገረው፤ ኤልያስንም የጎዳው አንዱ ነገር ብላቴናውን ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ መግባቱ ነው።

አሁን እናቴ ከአልጋ ወደ ወንበር በራሷ ትሻገራለች። ግድግዳ ይዛ እስከ በሩ ትደርሳለች። ደረጃውን ግን እስካሁን በወንበር ነው የምትወርደው፤ ሰው የታጣ ቀን ደግሞ በጀርባዬ። 54 ኪሎ ሆኛለሁ። እርሷ በጤናማ እጇ አንገቴን ይዛ ደረጃውን ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ በየፎቁ የሚከፈቱ በሮች አሉ፣ ጎረቤቶች ሰላምታ ይሰጡናል። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ መቁጠሯን አቆመችና ከዚህ ጀምሮ ያሉትን አራት ደረጃዎች በእግሯ መሞከር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። አወረድኳት። አራቱን ለመውረድ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን።